ላዳ 1200 ዘይት ይበላል፦ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻ ልቀይር ወይስ ሞተሩን በሙሉ ላሳድስ?

ላዳ_1200፦
ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው ላዳ 2101 ነው፣ ባለ 1200 ሞተር። የአጎቴ የአዲስ አበባ ታክሲ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለሙ አሁንም አለ። አጎቴ ሥራውን ሲያቆም ለእኔ ሰጠኝ። መሸጥ አልፈልግም። አስተካክዬ ልነዳው ነው የምፈልገው።

ሁኔታው እንዲህ ነው። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ዳገት ላይ ስረግጠው ይብስበታል። ዘይት ቶሎ ቶሎ እጨምራለሁ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲዞር) የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለካሁ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሲሊንደር 7፣ 7፣ 5 እና 6.5 ባር ሆነ። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ግን ከ10 መውረድ የለበትም ይላል።

አንዱ ጋራዥ «ይህ ሞተር አልቆለታል፣ ሌላ ፈልግ» አለኝ። ሌላው «ፋሻ ብቻ እንቀይርልህ፣ ቶሎ ትወስደዋለህ» አለ። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ዲኤክስ_አዳማ፦
ወንድሜ፣ ፋሻውን ቀይረህ ንዳው። የእኔም ዲኤክስ (የድሮው ቶዮታ ኮሮላ) ያጨስ ነበር። ፋሻና የቫልቭ ጎማ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይወርድ የሚይዘውን) አስቀየርኩ፣ ጭሱ ጠፋ። ሙሉ እድሳት የሚሉህ ገንዘብህን አይተው ነው።

የድሮ_ሞተር፦
ልጄ፣ ገና ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ያ 10 የሚለውን ቁጥር እናስተካክል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው። ስለዚህ እዚያ 10 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 7.5 ገደማ ነው የሚያሳየው። 1ኛውና 2ኛው ሲሊንደርህ እንደተባለው አልሞቱም። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ብቻ ተፈርዶበት እንደተጣለ ሳስብ ያናድደኛል።

የሚያሳስበው 3ኛው ነው። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። አንተ ጋ 2 ሆኗል።

እንደገና ለካ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪው ይሞላ፣ አራቱም ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ይውጣ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጠህ ያዝ። ከዚያ በ3ኛው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምር፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይብለጥ። ደግመህ ለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻና ሲሊንደር ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ነው ከፍ የሚለው። ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቭና ወደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ወደ ማሸጊያው ተመልከት።

ጭሱም ይናገራል። ሲነሳ ብቻ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርደህ ነዳጅ ስትረግጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎማ ነው። ሲጫን ያለማቋረጥ የሚወጣው የፋሻ ነው። የአንተ ሁለቱም ያለበት ይመስላል።

ላዳ_1200፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። 3ኛው ከ5 ወደ 7 ወጣ። 4ኛውም ከ6.5 ወደ 7.5 ወጣ። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥርም በደንብ ይተነፍሳል።

የድሮ_ሞተር፦
እንግዲህ ነገሩ ታች ነው። ቴስታታውን አንሳና ሲሊንደሩን አስለካ። በዓይን አይታወቅም፣ በጣትም አይታወቅም። የሲሊንደር መለኪያ ሰዓት ያለው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆርጥና የሚለካ ወርክሾፕ) ፈልግ።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅ። ፋሻ ብቻ ቀይረው ለዓመታት የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ። ለምን ወጪ እናበዛበታለን?

የድሮ_ሞተር፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ፋሻ ብቻ መቀየር የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሲሊንደሩ ገና ክብ ከሆነና እርጅናው ትንሽ ከሆነ ይሠራል። የአንተ ዲኤክስ እንደዚያ ነበር ማለት ነው፣ እሰየው። ካልተለካ ግን ማን ያውቃል?

ሲሊንደር እኩል አያልቅም። በጣም የሚያልቀው የላይኛው ፋሻ ዞሮ በሚመለስበት ቦታ ነው። ግፊቱና ሙቀቱ እዚያ ከባድ ነው፣ ዘይቱም እዚያ ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ፋሻ ስለማይደርስባት እንዳለች ትቀራለች። ስለዚህ በመካከላቸው እርከን ይፈጠራል። ጥፍርህን ብታስኬድ ትይዝሃለች። የድሮው ፋሻ ከእርከኑ ጋር አብሮ አርጅቷል። አዲሱ ፋሻ ግን ጠርዙ ስለታም ነው። ወደ ላይ ሲወጣ እርከኑን ይመታል፤ ይሰበራል፣ ወይም የፒስተኑን ቦይ ይሰብራል።

ሌላም አለ። ያለቀ ሲሊንደር ክብነቱን ያጣል። አዲስ ክብ ፋሻ ሞላላ ቀዳዳ ውስጥ አይገጥምም። ለትንሽ ጊዜ ጭሱ ቀነስ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የጓርኒሲዮኑ፣ የዘይቱና የእጅ ዋጋው ሁሉ እንደገና ይከፈላል።

ሾፌር_ደሴ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መግጠምስ? ለቶዮታ ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣ ሞተር ብዙዎች ይገጥማሉ።

ቶርኖ_ቤት፦
ለቶዮታ ያዋጣ ይሆናል፤ ለላዳ ግን አይመስለኝም። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ) የምታገኘው የላዳ ሞተር ከሌላ ታክሲ የወጣ ነው። የእሱም ሲሊንደር ስንት እንዳለቀ አታውቅም። ያልታወቀ ሞተር በገንዘብ ገዝተህ እንደገና ልታስለካው ነው።

የሞተር ቁጥሩም አለ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ከቀየርክ ቁጥሩ አይገጥምም፤ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ማስቀየር አለብህ፣ የግዢ ማስረጃም ትጠየቃለህ። የራስህን ብሎክ ካደስክ ይህ ጣጣ የለም።

ሾፌር_ደሴ፦
ሊብሬውን አላሰብኩትም ነበር። እውነትህን ነው። ዛሬ ደግሞ መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በእጃችን ያለውን መጠገን ግድ ነው።

ሰላም_ሐዋሳ፦
የፊያት 124 ዕቃ ለላዳ ይሆናል ይባላል። ፒስተን ከዚያ መፈለግ አይቻልም? ላዳ ከፊያት የተቀዳ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው።

ቶርኖ_ቤት፦
እህቴ፣ መኪናው በእርግጥ ከፊያት 124 ነው የመጣው። ቶሊያቲ ያለው ፋብሪካ በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲጀምር መነሻው እሱ ነበር። ሞተሩ ግን የተለየ ነው። የመጀመሪያው ፊያት 124 ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው። የላዳው ቴስታታው ላይ ነው፣ በካቴና (ሰንሰለት) ይዞራል። ስለዚህ የሞተር ዕቃ ስትገዙ ለላዳ ተብሎ የተሠራውን ግዙ።

ላዳ_1200፦
ተለካ። ከላይ ፋሻ በማይደርስበት ቦታና በጣም ባለቀው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ነው፦ 1ኛ 0.14፣ 2ኛ 0.16፣ 3ኛ 0.21፣ 4ኛ 0.18 ሚሊሜትር። 3ኛው ላይ እርከኑ በጥፍር ይታወቃል። የላይኛው ፋሻም ለሁለት ተሰብሮ ነው የተገኘው።

የድሮ_ሞተር፦
መልሱ መጣ። ለዚህ ሞተር ወሰኑ 0.15 ነው። ሦስቱ አልፈዋል፣ አንዱ አፋፍ ላይ ነው። አራቱም በአንድ ልክ ሪቦር ይደረጉ (ቀዳዳቸው ሰፍቶ ይከፈት)። «3ኛውን ብቻ እንሥራ» የሚልህ ካለ አትስማው፤ ፒስተኖቹ የተለያየ ክብደት ይኖራቸውና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ስታንዳርዱ 76 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ኦቨርሳይዝ (ሰፋ ያለ ልክ) 76.4፣ ቀጣዩ 76.8 ነው። በዚህ ልኬት 76.4 ይበቃሃል። ቀጣዩን እድል ለወደፊት ታስቀምጣለህ።

ቶርኖ_ቤት፦
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንህ። መጀመሪያ ፒስተን ግዛ፣ ከዚያ ወደ ቶርኖ አምጣ። ብዙ ሰው ብሎኩን ያስቦረብርና በኋላ ፒስተን ይፈልጋል። ሳጥኑ ላይ 76.4 ቢጻፍም ፒስተኖቹ በመቶኛ ሚሊሜትር ይለያያሉ። እያንዳንዱን ፒስተን በማይክሮሜትር ለክተን ነው የራሱን ሲሊንደር የምንከፍትለት። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል 0.05 እስከ 0.07 ሚሊሜትር እንተዋለን። ከዚህ ከጠበበ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከሰፋ ጠዋት ያንኳኳል።

ሪቦር ሲያልቅ ሆኒንግ ይደረግ። ግድግዳው ላይ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች መታየት አለባቸው፤ ዘይቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው። እንደ መስታወት አብለጭልጮ የመለሰልህ ቶርኖ ቤት ሥራውን አልጨረሰም።

የፒስተን ፒኑን እቤትህ በመዶሻ እንዳትሞክር። በዚህ ሞተር ፒኑ ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ውስጥ በጥብቅ ነው የሚቀመጠው። ቢየላው በደንብ ሞቆ በአንድ ምት ነው የሚገባው።

ላዳ_1200፦
ክራንክሻፍቱስ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ)? የዘይት መብራቱ ነገር አሁንም ያሳስበኛል።

የድሮ_ሞተር፦
እሱን ልመጣበት ነበር። የዘይት ግፊት ማነስ ሁልጊዜ የፓምፕ ችግር አይደለም። ሰው ፓምፕ ይቀይራል፣ መብራቱ ግን እንደበራ ይቀራል። ዘይቱ የሚያመልጠው ባለቁት ብሮንዚናዎች (ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ስስ የብረት ሽፋኖች) በኩል ነው።

ክራንክሻፍቱ ይለካ። ክብነቱን ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ ካጣ ወይም ከተጫረ ይላጭ። ብሮንዚናው በ0.25 እየጨመረ እስከ 1 ሚሊሜትር ይገኛል። ስንት እንደተላጨ ሳታውቅ ብሮንዚና አትግዛ።

ከተላጨ በኋላ ደግሞ ይህን እንዳትረሳ። ክራንክሻፍቱ ውስጥ የዘይት መንገዶች አሉ፣ ጫፋቸው በትንንሽ ቆርቆሮ ክዳን ተደፍኗል። ክዳኖቹ ይውጡ። ከውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ስታይ ትደነግጣለህ። የመላጫው ብናኝም እዚያው ይገባል። ሳይጸዳ ከተገጠመ አዲሱን ብሮንዚና መጀመሪያ የሚያገኘው ያ ብናኝ ነው። አጽድተህ በአዲስ ክዳን ትደፍናለህ።

ላዳ ላይ ብዙ መካኒክ የሚዘለው ሌላ ቦታም አለ። ከጎን ያለችው ረዳት ዘንግ፣ የዘይት ፓምፑንና ዲስትሪቢዩተሩን የምታዞረው። እሷም ሁለት ቡሽ አላት። እነሱ ካለቁ ዘይቱ በዚያ ይፈሳል። ሞተሩ በሙሉ ታድሶ መብራቱ የሚበራበት ዋና ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ አስቀይራቸው።

ሰላም_ሐዋሳ፦
ጋሼ፣ ስለ ቴስታታውስ? የእኔ መኪና ዲኤክስ ነው፣ 4ኬ ሞተር። በቅርቡ እኔም ልከፍተው ነው።

የድሮ_ሞተር፦
ልጄ፣ የቴስታታው ገጽ ቀጥ ማለቱ በብረት ማስመሪያና በስፔሶር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይታይ። የቫልቭ መሪዎቹ ይፈተሹ፤ ቫልቩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ስታወዛውዢው በግልጽ ከተጫወተ መሪው አልቋል። አዲስ የቫልቭ ጎማ ባለቀ መሪ ላይ አይቆይም። ቫልቮቹ ይፈጩ፣ ከዚያ ቤንዚን ወይም ናፍታ አፍስሰሽ እንደማያፈስ እይ።

የአንቺ 4ኬ ካምሻፍቱ ብሎኩ ውስጥ ነው፣ ቫልቮቹን በዘንግ ይገፋል። ፒስተኑም 75 ሚሊሜትር ነው። የላዳውን ቁጥር ለእሱ አትጠቀሚ። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ለኪ፣ ከዚያ ወስኚ።

ላዳ ላይ ግን ካምሻፍቱን ልዩ ትኩረት ስጡት። የዚህ ሞተር የታወቀ ድክመት ነው። ካምሻፍቱ ከተበላ ቫልቩን የሚገፉት ምላሶችም አብረው ይቀየሩ። አዲስ ካምሻፍት ላይ የተበላ ምላስ ብታስቀምጥ መልሶ ይበላዋል።

ቶርኖ_ቤት፦
ብሎኩን ስትረከብ እጠበው። ጋዝ ወይም ቤንዚን ብቻ አይበቃም። የሆኒንግ ብናኙን ከመስመሮቹ ውስጥ የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ ነው። አድርቀህ ወዲያው ዘይት ቀባው፣ አለበለዚያ ይዝጋል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በዘይት ነክረህ ሲሊንደሩን ጥረግ። ጨርቁ ከጠቆረ እንደገና እጠብ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አትግጠም። እኛ የምንለውን ሰምቶ ይህን የሚያደርግ ባለመኪና ጥቂት ነው፤ ሥራችን ቶሎ ሲበላሽ የምናየው በዚህ ነው።

ላዳ_1200፦
ብሎኩ ሪቦር ተደርጓል፣ 76.4። ክራንክሻፍቱ 0.25 ተላጭቷል። የረዳት ዘንጓ ቡሽ በእርግጥ አልቆ ነበር፣ ተቀይሯል። አሁን መግጠም ልንጀምር ነው። መካኒኩ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ላዳ ግን ብዙ አልሠራም። ምን እንጠብቅ?

የድሮ_ሞተር፦
የቢየላና የክራንክሻፍት ክዳኖች አይደባለቁ። ምልክት አላቸው፣ እያንዳንዱ በነበረበት ይመለስ። ፒስተኑ አናት ላይ የተቀረጸው የሩሲያ ፊደል ወደ ራዲያተሩ ይዙር።

እያንዳንዱን ፋሻ ፒስተኑ ላይ ሳታስገባ በፊት ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ክተተው፣ በፒስተን አስተካክለህ ግፋው። የአፉ ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ይሁን። ክፍተት ከሌለው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና ግድግዳውን ይጭራሉ።

በክራንክሻፍቱ ጫፍ የሚቀመጡት ግማሽ ቀለበቶች ቦይ ያለው ፊታቸው ወደ ክራንክሻፍቱ ይሁን። ተገልብጠው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ማጥበቂያው በቶርክ መፍቻ ይሁን። የክራንክሻፍት ክዳን ቡሎን ከ68 እስከ 84 ኒውተን ሜትር፣ የቢየላው ከ43 እስከ 53 ነው። እጅ አይለካም፣ የሰው ጉልበት ይለያያል። እያንዳንዱን ክዳን ባጠበቃችሁ ቁጥር ክራንክሻፍቱን በእጅ አዙሩት። የትኛው ላይ እንደጠበቀ ወዲያው ታውቃላችሁ። ሁሉንም አጥብቃችሁ በመጨረሻ አዞራለሁ ካላችሁ ግን ሁሉንም መፍታት ነው።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15፣ የመግቢያውም የመውጫውም። ላዳ ሰፊ ስፔሶር ነው የሚፈልገው፤ በጠባቡ ከለካችሁ ተበልቶ የጎደጎደው ቦታ ያታልላችኋል።

ከማስነሳታችሁ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (ማስነሻው ሞተር) አዙሩት። ደረቅ ብሮንዚና ላይ ሞተር አይነሳም።

ዲኤክስ_አዳማ፦
ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሳነብ የፋሻውን ምክሬን አነሳሁ። ለዚህኛው ሞተር ሪቦሩ ነው ትክክሉ። ሲነሳስ? አንዳንዱ አንድ ሺህ ኪሎሜትር በ40 ብቻ ንዳ ይላል።

የድሮ_ሞተር፦
ያ አይጠቅምም። ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ ማስቆምም አይጠቅምም። ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ጭነት ሲያገኝ ነው፤ የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ከጀርባው ገብቶ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ውኃው ከሞቀ በኋላ መካከለኛ ዳገት ውጣ፣ ከዚያ ነዳጁን ለቀህ ውረድ። ፍጥነቱን አቀያይር። እስከ መጨረሻ አትርገጥ፣ በከፍተኛ ማርሽም አታስጨንቀው። የመጀመሪያውን ዘይት 500 ኪሎሜትር ላይ ከነፊልተሩ ለውጠው። ውድ ሲንተቲክ ዘይት አሁን አያስፈልግም፣ ተራ ሚኒራል 15ደብልዩ40 ወይም 20ደብልዩ50 ይበቃል።

ካርቡራተሩንም አስተካክሉ። ለባሕር ጠለል የተሠራ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የበዛው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ አዲሱን ፋሻም ይበላል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ዋናውን ጂግለር አንድ ደረጃ አሳንሱ። የአየር ማጣሪያው ጎማ ዙሪያውን በደንብ ይዝጋ፤ የኮረኮንች መንገድ አቧራ በዚያ ከገባ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

ላዳ_1200፦
ተነስቷል! በመጀመሪያው ቁልፍ። ትንሽ ጨሰ፤ መካኒኩ ሲገጥም የቀባው ዘይት ነው አለ፣ ከዚያ ጠፋ። የዘይት መብራቱ ሞቆም ሚኒሞ ላይ አይበራም። 500 ኪሎሜትር ከሞላ በኋላ ዘይቱን ለውጬ ኮምፕሬሽን አስለካሁ፦ 8.5፣ 8.5፣ 8.3፣ 8.5። የቫልቭ ክፍተቱም ደግሞ ታይቷል፣ ሁለቱ ጠበብ ብለው ነበር፣ ተስተካከሉ። አጎቴን ይዤው እስከ ሱሉልታ ሄድን። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ካንዴላዎቹ አሁንም ጠቆር ያሉ ናቸው፣ በተለይ 1ኛና 2ኛ።

የድሮ_ሞተር፦
እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ቁጥሮቹ ለአዲስ አበባ በጣም ጥሩ ናቸው። ካንዴላዎቹን አጽዳና ክፍተታቸውን 0.5 እስከ 0.6 አድርግ። ከዚያ የካርቡራተሩን ተንሳፋፊ ከፍታ አስለካ። ጂግለሩን ከመቀየርህ በፊት እሱ ይታይ፤ ቤንዚኑ ጎድጓዳው ውስጥ ከፍ ብሎ ከቆመ ጂግለር ብታሳንስም ጥቁረቱ አይጠፋም። ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን።